መቀሌ በአውቶቡስ፣ መቀሌ በአውሮፕላን

ከቦሌ አራብሳ ቤታችን እስከ ቦሌ ኤርፖርት ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ከኤርፖርቱ እስከ መቀሌ ያለው በረራ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ለሰው ስነግር ይስቃል። እኔ ግን መገናኛ ላይ ታክሲ ውስጥ ተቀርቅሬ አልሳቅኩም፤ አውሮፕላኑ ጥሎን ሊሄድ ነው ብዬ ጥፍሬን እበላለሁ።

አባቴ ዘና ብሏል። ጭራሽ ዘንቢሉን ከፍቶ ለእኔም ለሾፌሩም ዳቦ ቆሎ ይዘግናል። መቀሌ ሲሄድ ደሴ አድሮ የሚተርፍ ስንቅ ሳይዝ ወጥቶ አያውቅም። የምንሄደው በአውሮፕላን ነው ስለው፣ "ታዲያ በአውሮፕላን ሰው አይርበውም?" አለኝ።

የምንሄደው ታናሽ እህቱ ዘንድ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አያቴ ስታርፍ መንገዱም ስልኩም ዝግ ስለነበር፣ አክስቴ ተዝካሩን ብቻዋን አወጣች። ስልክ ሲከፈት አባቴ ይህን ሰማና "እኔ ሳልደርስ!" ብሎ አኮረፈ። በምን ትጥራው? ያልመከረው ሰው የለም፤ እሱ ግን አንዴ ካኮረፈ አኮረፈ ነው። እኔም በዚህ እሱን ነው የወጣሁት። በመጨረሻ የንስሐ አባቱ "ሳትታረቁ ቁርባን አታስበው" አሉት። እሳቸውን እምቢ ማለት አይሆንለትም።

እንደምንም ደርሰን ተሳፈርን። ቀበቶውን ሳስርለት ፊቱ ጠቁሯል። የፈራ መስሎኝ እጁን ያዝኩት።

"ምነው አባዬ? ምንም አንሆንም እኮ።"

"ከላምበረት በአውቶቡስ ብንሄድ ምን ነበረበት?" አለኝ። "በአውቶቡስ ቢሆን ደብረ ብርሃን እስክደርስ እቆጣታለሁ። ደሴ ሳድር እናታችንን አስባለሁ። ማይጨው ላይ የይቅርታውን ቃል አገኛለሁ። እዚህ ላይ ምኑን ከምኑ ላድርገው?"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ አንጀቴን በላው። ትኬቱን የቆረጥኩት ድካሙን ላሳጥርለት ብዬ ነበር። ሆስተሷ የጭማቂውን ብርጭቆ ሰብስባ ሳትጨርስ መውረድ ጀመርን።

"እንዴ! ገና መቆጣቴን አልጨረስኩም!" አለ ጮክ ብሎ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ በሳቅ ፈረሰ።

ስናርፍ ተሳፋሪው ሁሉ እየተጋፋ ሲወርድ አባቴ "ትንሽ እንቀመጥ" አለኝ። ተቀመጥን።

አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ መውጫው ላይ ቆማለች። በጣም አርጅታለች። እሷም አባቴ የተመረኮዘውን ከዘራ ስታይ ስለ እሱ ያንኑ ሳታስብ አልቀረችም። ምን ይላት ይሆን ብዬ አፍ አፉን አየሁ። እሱ ዘንቢሉን መሬት ሳያስቀምጥ፣ ቀድማ አንገቱ ላይ የተጠመጠመችው እሷ ናት።

"ምነው ወንድሜ፣ ምነው እንዲህ ዘገየህ?" አለችው በትግርኛ፣ እያለቀሰች።

"መንገዱ ረዘመብኝ" አላት።