የእንግሊዙ ቤት ጭቃ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔም አልረሳሁም፣ ወላሂ!

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ቤት ከሚያድስ የአዲስ አበባ ሰው ጋር እሠራ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን አንተ ነው። አንድ ቀን የአንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቤት እንድናድስ ተጠራን። አያቷ እንግሊዝ አገር፣ ገጠር ውስጥ የነበረ ጥንታዊ ቤት ፈታትቶ፣ እንጨቱን በመርከብ አምጥቶ ነው እዚህ ያቆመው። ጥቁር ቋሚና አግዳሚው ከውጭ ይታያል፤ በመሃል ያለው ነጭ ግድግዳ አንድ ጎኑ ተንዷል። እጄን ሰድጄ ፈርፈር አደረግሁት። ጭድ! እበት! ከውስጡ የተጠላለፈ ልምጭ! የወሎው ቤታችን እኮ ነው!

"ጋሼ፣ ይሄ ጭቃ ነው። ሲሚንቶ ከመረጉበት ውሃ ይዞ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። የአባቴ ሙያ ነው፣ እኔ ልሥራው" አልኩት።

"አባቴ ጭቃ ረጋጭ ነበር በለኛ! የባላገር ወሬህን እዚያው!" አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ።

እኔን ቢለኝ ግድ አልነበረኝም። አባቴ ግን ጭቃ ረግጦ ነው ሰባት ልጅ ያሳደገው፤ ሞቶም ከስድብ አላረፈም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ሲሚንቶውን ራሴ አቦካሁለት፤ ለአሮጊቷም ትንፍሽ አላልኩም። እሱ ኃጢአቴ ነው፣ አላህ ይማረኝ። ሥራው እንዳለቀ ትቼው ሄድኩ።

ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ሲሚንቶው ተገንጥሎ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው እንጨት መበስበስ ጀምሯል። የጥንት ቤት አዋቂ መጥቶ አየና "ከጭቃ በቀር አይሆንም" አለ። አሮጊቷም ጋሼን፣ ካላስተካከልክ ፍርድ ቤት እንገናኝ አለችው። በርንስቪል ከተማ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

"ወንድሜ፣ አንተ ትችለዋለህ አይደል?"

ዛሬ ወንድምህ ሆንኩ!

"እችላለሁ ጋሼ። እኔ እመርጋለሁ፣ እርስዎ ይረግጣሉ።"

ማሽን እናምጣ ቢል፣ ሌላ ሰው ልቅጠር ቢል፣ እምቢ አልኩ። ጭዱንና እበቱን ከኩን ራፒድስ ከተማ ወዲያ ካለ እርሻ አስመጣሁ። "ጫማዎን ያውልቁ። ሱሪዎንም ሰብሰብ ያድርጉ።" እነዚያው የሳቁት ሠራተኞች ቆመው አዩት። እበቱን አብዝቼ ጨመርኩለት።

በየማለዳው "አልደረሰም?" ይለኛል።

"ገና ነው ጋሼ፣ ይርገጡ።"

ጭቃው በሦስተኛው ቀን ደርሶ ነበር። ሰባት ቀን ጨመርኩበት፤ ለእያንዳንዱ የአባቴ ልጅ አንድ አንድ ቀን።