አማቼና የሽቦው ጠብ

እና ሰውየው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ማሽኑ ትንሽ ይታገሥ!» ለብረት እኮ ነው! የሰው እጅ ሥሩ ገብቶ ሳለ፣ ብረት ይታገሥ! እኔማ ይህን የሰማሁ ቀን ደሜ ፈልቶ የያዝኩትን ብርጭቆ ልወረውር ምንም አልቀረኝ። አልወረወርኩም፤ ብርጭቆው የልጄ ነው፣ ትቆጣለች።

የማማው ያንን የድስት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው። እኔ ከረባቱ ነው የምለው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውማ። የተጣላው ደግሞ ከአማቼ ጋር ነው፣ ከትልቋ ልጄ ባል። አማቼ እዚያ ማሽኖቹን እርስ በርስ የሚያነጋግር መሐንዲስ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል። ቅጥነቱን አይተው እንዳይመስልሽ። ሽቦ ስለሚወድ ነው። መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ዕለት፣ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ የሳሎኑ ማብሪያ ላይ አረፈ። «ይቅርታ እማማ፣ ይሄ ሊያቃጥልዎት ነው» ብሎ ኮቱን አወለቀና ወንበር ላይ ወጣ። ልጄ ተኳኩላ ተቀምጣለች፣ እሱ ሽቦ ይልጣል! እኔ ያን ዕለት ነው የወደድኩት። እሷን መውደዱን ግን ተጠራጥሬ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ብቻ ቁጡ ነው። ተይው፣ እንደ ወተት ነው፤ ዞር ስትይ ይገነፍላል።

እንግዲህ ፋብሪካው አዳዲስ መጫኛ ማሽኖች አስመጣ። መጫኛ ማለት ዝርጉን ቆርቆሮ ከላይ ወርዶ ጫን ሲያደርገው ድስት ሆኖ የሚነሳበት ነው። ሠራተኛው ቆርቆሮውን በእጁ ያስገባል። አንድ ነገር ከተበላሸ ቀዩን ቁልፍ ይመታል፣ ማሽኑም ቀጥ ይላል። ታዲያ ያ «ቁም» የሚለው ወሬ ከቁልፉ እስከ ማሽኑ በምን ይሂድ? ጠቡ ሁሉ ይኸው ነው። በሽቦ ይሂድ ወይስ እንደ ስልክሽ ኢንተርኔት በአየር?

እዚያ ማሽን ላይ የሚሠራው ደግሞ ማን መሰለሽ? የአማቼ ታናሽ ወንድም። ያ የእኛው ጓሮ ክፍል ውስጥ ያለው፣ ሳቂታው። ፋብሪካውም ያስገባው ራሱ አማቼ ነው። ይህን ሁሉ የሚነግረኝም እሱ ነው፣ የሰዎቹን ድምፅ እያስመሰለ።

በስብሰባው ላይ አማቼ «ሽቦ ይዘርጋ» አለ። «የራሱ መንገድ ይኑረው፣ ማንም አይጋፋው።»

«ወለል ቆፍረን ሥራ ልናቆም?» አለ ከረባቱ። «ኤግዚቢሽን ላይ አይቻለሁ፤ ዓለም ሽቦ ትቷል!»

«ጌታዬ፣ ለውሃ ታንከሩ መለኪያ አየር ይበቃል። ወሬው ቢዘገይ ውሃው አይቀየምም። ለሰው እጅ ግን አይሆንም።»

«ወይ አንተ! የወለደችህ እናትህ ናት ወይስ ሽቦ?»

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። አየሽ? ሰው ስለ እጅ ያወራል፣ እነሱ ይስቃሉ! ከሳቁት ውስጥ ያ የግምጃ ቤት ኃላፊ አለ፣ ሚስቱ ጥላው የሄደችው። ምን ያስቀዋል እሱን?

አማቼ ያን ቀን ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፌ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። «እናቴን አነሳ እኮ እማማ!» ይላል። እኔ ምንጣፉን እያየሁ «አይዞህ ልጄ» እላለሁ።

ከረባቱ እንዳለው አደረገ። ቀድሞ፣ ሠራተኛው እንዲወደው ብሎ፣ የቢሮውን ዋይፋይ የይለፍ ቃል ለሁሉም አድሎ ነበር። የማሽኖቹንም ወሬ በዚያችው ላይ አስጫነው። «አንድ እያለን ሁለተኛ ምን ያደርጋል» ብሎ! እዚያ በሻይ ሰዓት ግማሹ ሲያርፍ ግማሹ ይሠራል። ያረፈው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ኳስ ያያል፣ ዘፈን ያያል። ምስኪኗ «ቁም» የምትል ወሬ በዚያ ግርግር መሃል በየት ትለፍ?

መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ራሱ ብልህ ነበር። ወሬው ከተቋረጠበት ፈርቶ በራሱ ይቆማል። በሻይ ሰዓት ግን ቆመ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ቆመ። ድስቱ ግማሹ ድስት ግማሹ ሰሃን ሆኖ ወጣ። ከረባቱ ተናደደ። አማቼን ጠርቶ «ይሄ ማሽን ቶሎ ይደነግጣል። ወሬው ሲጠፋበት ትንሽ እንዲታገሥ አድርገው» አለው።

«እኔ በእጄ አልነካውም» አለ አማቼ።

«እንግዲያው የሚነካ አላጣም!» ብሎ ከሻጩ ዘንድ አንድ ቴክኒሻን አስመጣና ማሽኑን ትዕግሥት አስተማረው። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ወሬ ቢጠፋበትም ዝም ብሎ ይጭናል። ታጋሽ!

ቤታችን ሰላም አጣ። አማቼ ወንድሙን «ነገ እዚያ ማሽን ላይ እንዳትቆም» ይለዋል።

«ጋሼ፣ ተወው። እጠነቀቃለሁ።»

«በምንህ ነው የምትጠነቀቀው? በእጅህ አይደል!»

ልጄ ደግሞ ከማዶ «አንተ ሰው፣ ከሥራ ያባርሩሃል» ትላለች። «ያባርሩኝ!» ብሎ በሩን ሲወረውረው ጥርሴ ተነቃነቀ። የቀረችኝም እሷው ነበረች።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት፣ ስልኩ ሁሉ በተከፈተበት፣ አማቼ ከረባቱን ከቢሮው ጠራው። ወንድሙን ከማሽኑ አራቀ። ጓንቱን ከወንድሙ እጅ አወለቀና ጨርቅ ጠቀጠቀበት፣ በእንጨት ጫፍ አስሮ የማሽኑ አፍ ውስጥ ሰደደው። ጣቶቹ ሙሉ ሆነው፣ እጅ መስሎ ተቀመጠ።

«መውረድ ሲጀምር ቁልፉን እርስዎ ይምቱ» አለው።

ከረባቱ ፈገግ አለ። ማሽኑ ሲወርድ ቀዩን ቁልፍ በመዳፉ መታው። ማሽኑ ወረደ። ጓንቱ ላይ ወረደና እንደ ወረቀት አደረገው። ከዚያ ቆመ።

«ይኸው» አለ አማቼ፣ «ታገሠልዎ።»

ወንድምየው ባዶ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ቆመ፤ ያ ሳቂታ ጥርሱን ሳያሳይ የዋለው ያን ቀን ብቻ ነው። ከረባቱስ ምን አለ መሰለሽ? ይቅርታ? ምን በወጣው! «ማነው ይህን ማሽን እንዲህ ያበላሸው?» ብሎ ያን ቴክኒሻን ይፈልግ ጀመር! ፊት እኮ ነው ይሄ! ፊት ሳይሆን የበር እንጨት!

ጭራሽ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ለእናንተ ደህንነት ስል ሽቦ እንዲዘረጋ ወስኛለሁ» አለ። አጨበጨቡለት። አማቼ የራስ ቆቡን መሬት ላይ ፈጠፈጠና ቤቱ ገባ። «ሽቦውን እሱ ይዘርጋ፣ ወይም ከረባቱን አስረዝሞ ያገናኘው!» አለ። ልክ ነዋ! እኔም «አትሄድም» አልኩት። ወንድሙንም አስቀረነው። ሽቦው ሳይዘረጋ እዚያ ማሽን አጠገብ ማን ይሰደዋል?

ሽቦው እስኪዘረጋ ማሽኖቹ ቆሙ። ያን ሁሉ ሽቦ የት እንደሚያልፍ አውቆ የሚዘረጋ ሌላ ሰው የላቸውም። በመጨረሻ ከረባቱ ራሱ ሊለምን ቤታችን መጣ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ፤ ለልጄ እንዳትነግሪያት። አማቼ ያን ሰሞን የግቢውን በር ደወል ቀይሮ ነበር። ግድግዳ መቆፈር ሰንፎ፣ ከሱቅ ያለ ሽቦ የሚሠራ ደወል ገዛ። እሱ! ሽቦ! ጎረቤታችንም ከዚያው ሱቅ ያንኑ ገዝታለች። የእሷ ልጆች የእነሱን ሲነኩ የእኛ ይጮሃል። ያን ቀን አማቼ ገላውን እየታጠበ ሳለ ደወሉ ደጋግሞ ጮኸበት። አራተኛው ላይ ልጆቹ መስለውት በፎጣ ብቻ፣ አናቱ አረፋ እንደሆነ፣ ነጠላ ጫማውን ይዞ ወጣ። «እናንተ የማትረቡ፣ ዛሬስ!» ብሎ በሩን ከፍቶ ወረወረው። የከረባቱ ግንባር ላይ አረፈ።

ከረባቱ ግንባሩን ይዞ ደወሉን አየ። ዳበሰው። ከሥሩ ፈለገ፣ ከላዩ ፈለገ።

«ይሄ ነገር» አለው፣ «ሽቦ የለውም እንዴ?»

አማቼ ለመመለስ እጁን ሲያነሳ ፎጣው ወደቀ።