ማርሹ ነው ወይስ እግሩ? ከሞጆ አቃቂ በሰቃ ደርሶ መልስ

ስደርስ ግቢው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ወንድሜ ታደሰ ከሞተር ሳይክሉ በግራ በኩል ዱካ ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቱ ገመቹ ከፊት ቆሞ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። የታደሰ ሚስት አስካለ ሰፌድ በብብቷ ይዛ ኩሽናው ደፍ ላይ ቆማለች። አራተኛዋ እኔ ነኝ። በአንድ እጄ ቦርሳዬን፣ በሌላው የሽንብራ እሸት ይዤ የግቢው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። የወንዶቹ እጅ በዘይት ስለተለወሰ ዕቃ የሚቀበለኝ ጠፋ።

የመጣሁት ለሞተር ሳይክሉ ነበር።

ከሞጆ መነሳት

የጠራችኝ አስካለ ናት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደወለችልኝ።

"እትዬ ዘነበች፣ እባክዎ ይምጡና አንድ ነገር ይበሉት። ሞተሩ ማርሽ አልቀይር ብሎታል። እሱ ማርሹ ነው ይላል። እኔ እግሩ ነው እላለሁ። የእርስዎን ቃል አያልፍም፤ ሽጠው ይበሉልኝ።"

ታደሰ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በአቃቂ በሰቃ እየዞረ የልብስ ሰፊዎችን መኪና ይጠግናል። የመሣሪያ ሣጥኑ ከባድ ስለሆነ ያለ ሞተር ሳይክል የትም አይደርስም። ባለፈው ክረምት ደም ግፊት ግራ ጎኑን ነካው። እጁ ተመለሰለት፤ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። የሞተር ማርሽ የሚቀየረው ደግሞ በግራ እግር ነው። ሞተሩ ከተሸጠ ታደሰ ቤት ይውላል፤ ቤት መዋል የሚችል ሰው አይደለም። ማርሽ መቀየር ካልቻለ ግን መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ከሞጆ ስነሳ "ሽጠው" ልለው ወስኜ ነበር።

ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንት ስላልሞላው ጠዋቱ ይቀዘቅዛል። መናኸሪያ ደርሼ ቃሊቲ የሚል ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበለኝ አቃቂ እንደምወርድ ነገርኩት።

"እማማ፣ አቃቂም ቢወርዱ ዋጋው የቃሊቲ ነው።"

"ሳልደርስበት?"

"እርስዎ ቢወርዱም ወንበሩ ቃሊቲ ይገባላ!"

"እንግዲያው ወንበሩን ደህና ግባ በልልኝ" አልኩትና ከፈልኩ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ረዳቱም ሳቀ፤ ሒሳቡን ግን አልቀነሰም።

እስከ ቢሾፍቱ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ተከምሯል። አንዳንዱ ማሳ ላይ ውቂያ ተጀምሯል። ዱከም ስንደርስ ሰው ለማውረድ ቆምን። እሸት ሻጮች ወደ መስኮቱ ሮጡ። ታደሰ የሽንብራ እሸት ስለሚወድ አንድ እስር ገዛሁለት። ከዚያ በኋላ ማሳው እያነሰ የፋብሪካ አጥር እየበዛ ይሄዳል። ገላንን አልፈን አቃቂ ወረድኩ። ባጃጅ ይዤ የድሮውን የባቡር ሐዲድ ተሻግሬ በሰቃ ገባሁ።

ግቢው ውስጥ

"እትዬ! ደህና ገባሽ?" አለ ታደሰ። ለመነሳት ሞከረና ዱካውን ተደግፎ ቆመ። "ምነው በደህናሽ ነው?"

"ናፍቃችሁኝ ነው።"

"በማክሰኞ?" አለና ሚስቱን አያት። አስካለ ወደ ሰፌዷ አቀረቀረች።

ገመቹ ሳቀ። አባቶቹ የዚሁ የአቃቂ ገበሬዎች ነበሩ። እርሱ አሁን ሁለት ባጃጆች አሉት። "አዴ ዘነበች፣ እኔ ልንገርዎ" አለኝ። "ሚስቱ ሻጭ፣ እኔ ገዢ። ያልሰማው ባለቤቱ ብቻ ነው።"

"አንተ ዝም ብለህ መሪውን ያዝ" አለው ታደሰ። "ገዢ የሚሸተው ገና ከአጥር ማዶ ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አብረን ስላደግን ለምን እንደመጣሁ ገብቶታል። "እትዬ፣ ዛሬ እከፍተዋለሁ። ውስጡ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የእኔ እግር ነው። ያኔ ቁልፉን በገዛ እጄ ለገመቹ እሰጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም እንዳይለኝ።"

አስካለ "ይሁን" አለች። እኔም "ይሁን" አልኩ።

ካቻቢቴውን ሲያነሳ አንድ ነገር ታሰበኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ታይፒስት ነበርኩ። ፊደሉ ወረቀቱን መትቶ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ጥፋቱ የጣት አይደለም፤ የሚመልሰው ሞላ ነው።

"ሳትከፍተው በፊት በእጅህ ተጫነው" አልኩት።

"ምኑን?"

"እግርህ የሚረግጠውን። እጅህ ደህና አይደለም?"

ጎንበስ ብሎ የማርሹን ፔዳል በመዳፉ ተጫነው። ወደ ታች ወረደና ሳይመለስ እዚያው ቀረ። ወደ ላይ ሲያነሳውም እንዲሁ ባነሳበት ቀረ። ታደሰ ሦስት ጊዜ ሞከረው። ከዚያ ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

"እንግዲህ ይከፈት" አለች አስካለ፤ ሰፌዷንም አቀበለችው።

ሰፌዱ ለብሎኖቹ ነበር። ታደሰ ፋብሪካ ሳለ የለመደው አሠራር ነው። ብሎን ሲፈታ በተፈታበት ተራ በሰፌዱ ጠርዝ ዙሪያ ይደረድራል። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ስለሆነ ሲመለስ ከመጣበት ቀዳዳ ውጭ መግባት የለበትም። ዘይቱን ሳፋ ውስጥ አፈሰሱ። ማርሹ የሚረገጠው በግራ ቢሆንም ፔዳሉን የሚመልሰው ሞላ ያለው በቀኝ በኩል መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። የቀኙን ሽፋን ከፈቱ፤ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑን አወጡ። ታደሰ በፒንሳ አንድ ትንሽ ሽቦ ከውስጥ ጎትቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የሽቦው አንድ እግር ተሰብሯል።

"የማን እግር ነው?" አለኝ።

"የሞላው" አልኩት።

ገመቹ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ "ገበያዬ በዚህ ሽቦ ሊበላሽ ነው" አለ።

ሳሪስ አቦ

ሞላ ለመግዛት እኔና ታደሰ በሚኒባስ ሳሪስ አቦ ሄድን። የሽንብራ እሸቱን ይዞ ስለነበር መንገዱን ሙሉ እየፈለፈለ ግማሹን ለእኔ አቀበለኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለች ምግብ ቤት ተጋቢኖ በላን። ሒሳቡን ልክፈል ስለው ተቆጣ። ከዚያ ወደ መለዋወጫ ሱቆቹ በእግር ሄድን።

እርሱ ከፊት ነበር፤ እኔ ከኋላ። የመንገዱ ዳር አቧራ ነው። የቀኝ እግሩ ኮቴውን ብቻ አስቀምጦ ያልፋል። የግራ ጫማው ጫፍ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ አጭር መስመር ያሰምራል። ተረከዙን አጥብቆ ይረግጣል፤ ጣቶቹን ማንሳት ላይ ነው የሚያቅተው። ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት ደግሞ ፔዳሉን በጣት ወደ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። አስካለም አልተሳሳተችም ማለት ነው። መስመሩን እያየሁ ከኋላው ሄድኩ።

ባለሱቁ መጀመሪያ ያገለገለ ሞላ አቀረበ። ታደሰ በሁለት ጣቱ ጨመቅ አድርጎ መለሰለት።

"ይሄ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። አዲስ አምጣ።"

አዲሱ እስኪመጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ዕቃ አየሁ። የማርሽ ፔዳል ነው፤ ግን የታደሰ ዓይነት አይደለም። ከፊት አንድ መርገጫ አለው፤ ወደ ኋላም ሌላ መርገጫ ወጥቶለታል።

"ይሄ የኋላው ለምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ለተረከዝ ነው፣ እናቴ" አለ ባለሱቁ። "አንደኛን በጣት ይረግጣሉ፤ ሌላውን ሁሉ በተረከዝ። ወደ ላይ ማንሳት የለም። ቆዳ ጫማ የሚያደርጉ ሰዎች ይወዱታል፤ የጫማውን አፍንጫ አይልጥም።"

"የወንድሜ ሞተር ላይ ይገጥማል?"

ታደሰ ከፊቴ ቆሞ ይሰማል። ባለሱቁ የሞተሩን ዓይነት ጠየቀውና "ይገጥማል" አለ።

"ስጠኝ" አልኩ። ወደ ታደሰም ዞሬ "ጫማህን እንዳይልጥብህ" አልኩት።

ታደሰ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ያደረገው ነጠላ ጫማ ነበር። ባለሱቁም አየ፤ እንደ ጨዋ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ፔዳሉን አወረደ። ወንድሜ ፔዳሉን ተቀብሎ በእጁ መዘነው። የኋላውን መርገጫ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

"እሺ፣ እትዬ" አለ። "ለጫማዬ።"

በመልሱ ሚኒባስ ፔዳሉን ጭኑ ላይ አድርጎ መጣ።

ሰፌዱ

ስንመለስ አስካለ በሩ ላይ ጠበቀችን። ፊቷ ልክ አልነበረም።

"እትዬ፣ እኔ ጉድ ሠራሁ" አለች። "ዶሮዎቹ ሰፌዱ ላይ ሊወጡ ሲሉ ላስገባው ብዬ አነሳሁት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሰፌድ ስይዝ እጄ አያርፍም..."

"አንገዋለልሽው?" አለ ታደሰ።

"ሁለቴ ብቻ!"

ገመቹ ከሳቁ ብዛት ግድግዳውን ተደገፈ። "እንክርዳዱ ወጣልሽ ወይ?" አላት። ብሎኖቹ ሁሉ ሰፌዱ መሐል ተከምረው ተኝተዋል፤ ረጅሙ ከአጭሩ ተደባልቋል። አስካለ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ይሸጥ ያለችው እርሷ ስለሆነች ሆን ብላ ያደረገችው እንዳይመስልባት መፍራቷ ታየኝ። ለታደሰም የታየው ይመስለኛል።

"ነይ፣ ቁጭ በይ" አላት። "የበተነ ይለቅማል። እያንዳንዱን ብሎን ሳናጠብቅ ቀዳዳው ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ሁሉም በእኩል ቁመት ብቅ ካሉ ቦታቸው ነው። አንዱ ከዘለለ ወይም ከሰመጠ እንለውጠዋለን።"

አዲሱን ሞላ ገጠመ፤ ፍሪሲዮኑን መለሰ። ሽፋኑን ቦታው ላይ አደረገና ብሎኖቹን ለአስካለ ተወላት። አንድ በአንድ ሰካቻቸው። እኔ ጎንበስ ብዬ ከጎን እያየሁ "ያኛው ዘለለ፣ ይሄኛው ሰመጠ" እላለሁ። ወጣ ገባ መስመር ለይቶ ማየት የቆየ ሥራዬ ነው። ሁሉም እኩል ሲቆሙ ታደሰ አጠበቃቸው። በመጨረሻ ግራ በኩል ዞሮ አዲሱን ፔዳል ገጠመ። አስካለ የኋላውን መርገጫ አየችው። እኔንም አየችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ዘይት ተሞላ። ሞተሩ ተነሳ። ታደሰ ኮርቻው ላይ ወጣና ገመቹ ከጎኑ ቆመ። በጣቱ ረገጠ፤ አንደኛ ገባ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ወደ ሰፈሩ መንገድ ወጣ። ገመቹ ጥቂት አብሮት ሮጠና ቀረ። ሦስታችን በሩ ላይ ቆመን ድምፁን አደመጥን። ሁለተኛ ሲገባ ሰማነው። ሦስተኛም ገባ። ርቆ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ። ማዞሪያው ጋ ማርሽ እየቀነሰ ሲመጣ አንዴም አልተንገጫገጨም።

"አዴ ዘነበች" አለ ገመቹ፣ "እርስዎ ከሞጆ የመጡት የእኔን ገበያ ለማፍረስ ነው።"

መነሳት

ፀሐይ ሳትጠልቅ መንገድ ልጀምር ቦርሳዬን አነሳሁ። ገመቹ ባጃጅ ልጥራልዎ አለኝ። አስካለ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ በዝግታ ጠየቀችኝ።

"እትዬ፣ እንግዲህ ምን ይሉታል? ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?"

ታደሰ ሞተሩን ከማርሽ ነፃ፣ ፎሌ ላይ አድርጎ በሩ ላይ ነበር። ወደ እኛ አላየም፤ መሪውን ግን አጥብቆ ይዟል።

"ትርፍ ሄልሜት አላችሁ?" አልኳት።

አስካለ ገብታ አመጣችልኝ። አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ራሷ አጠለቀችልኝና ማሰሪያውን አገጬ ሥር አሰረችው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ ቋጠርኩ። ቦርሳዬን በእኔና በወንድሜ መካከል አድርጌ ከኋላው ተቀመጥኩ። ታደሰ በጣቱ አንደኛ አስገባ። ከበሩ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን በተረከዙ ረገጠ፤ ሁለተኛ ገባ፤ ወደ መኪናው መንገድ ሄድን።