ደራ ላይ ያልጨረስኩት የመስክ ሥራ

አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ ኮሌጅ በር ፊት ለፊት ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ የትምህርት ክፍሏን መመሪያ ኮፒ ልታስደርግ መጣች። የመጀመሪያው ቅጂ መሐሉ ላይ ጥቁር መስመር ወጣበትና ሌላ አወጣሁላት። የተበላሸውን ልጥል ስል ርእሱን አየሁት፦ የአካባቢና የባህል ጥናት፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ መሟላት ያለባቸው።

ቆሜ አነበብኩት። ሁለት የአገር ውስጥ ቋንቋ። ታሪክ። መልክዓ ምድር። እምነትና ሥነ ቃል። ከሌላ ትምህርት ክፍል ቢያንስ አንድ ኮርስ። መጨረሻ ላይ የመስክ ሥራ፦ አንድን ሰው በራሱ ቋንቋ ስለ ኑሮው ጠይቆ መጻፍ። ለምሳሌ የተጠቀሱት ቦታዎች ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያሉት ከተሞች ናቸው። ከሚኒባስ መስኮት እያየኋቸው ያደግኩት ሐይቆች፣ ግራሮችና የሽንኩርት ማሳዎች አራት ዓመት የሚጠኑ ነገሮች መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ወረቀቱን ሳላጥፍ ቤቴ ወሰድኩት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም። ስለዚህ ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ብቻዬን ማጥናት ጀመርኩ። በሁለት ዓመት ከመስክ ሥራው በቀር ሁሉንም በእርሳስ ሰረዝኩ።

«ማን ሊያርምልህ ነው?» አለችኝ ጥረዛ የምትሠራው ባልደረባዬ።

«ማንም።»

«በቃ፣ ዲግሪህን እኔ እጠርዝልሃለሁ። ሽፋኑ ምን ቀለም ይሁን?»

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ያ የመጨረሻ መስመር ካልተሰረዘ፣ የሁለት ዓመት ድካሜ ከኮፒ ማሽን ሥር የለቀምኩት ወሬ ሆኖ የሚቀር መሰለኝ።

በእረፍት ቀኔ ከአዳማ ብዙ የማትርቀው ደራ ከተማ ሄድኩ። ሃያ ሦስት ጥያቄ ቁጥር ሰጥቼ ጽፌያለሁ። ገበያው ዳር፣ ግራር ሥር ተቀምጠው የቃጫ ገመድ የሚሸጡ ሽማግሌ አገኘሁ። «አካም» ብዬ ባጭሩ ሰላም አልኳቸው፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና አንደኛውን ጥያቄ በኦሮምኛ አነበብኩ፦ የት ተወለዱ? ገመዳቸውን መግመድ ቀጠሉ። ሁለተኛውን አነበብኩ።

«ልጄ፣» አሉኝ በአማርኛ፣ «ፖሊስ ነህ?»

«አይደለሁም አባባ። እየተማርኩ ነው።»

«ታዲያ ሰላምታው ሳያልቅ ምን ያስጠይቅሃል? ደብተሩን አስቀምጥ።»

አስቀመጥኩ። እጄን ያዙና በኦሮምኛ እንደ አዲስ ጀመሩ። ቤተሰብ ሰላም ነው? ከብቱስ? በእናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ነው? መንገዱስ? አንዱን በመለስኩ ቁጥር ቆም ብለው የእኔን ተራ ይጠብቃሉ። ስለ ከብታቸው ስጠይቅ በድርቅ ጊዜ መንጋ ነድተው አዋሽ ዳር የከረሙበት ወራት መጣ። ስለ ዝናቡ ስጠይቅ የተወለዱበትን ቦታና የደረቀውን ምንጭ ነገሩኝ። ስለ ቤተሰብ ስጠይቅ፣ ከወሎ የመጣ ነጋዴ ስላገባች ልጃቸውና በሠርጓ ቀን በሁለት ቋንቋ ስለተመረቀው ምርቃት አወሩ። እኔ በየኮርሱ ለያይቼ ያነበብኩት ሁሉ እዚህ አንድ ሰላምታ ውስጥ አብሮ ይኖራል። እጄን አልለቀቁም፤ እኔም እንዲለቁኝ አልፈለግኩም።

የግራሩ ጥላ ዞሮ ፀሐይ ላይ ስንቀር ገመዳቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«አባባ፣ ስምዎን እንኳ አልጠየቅኩም» አልኩ።

«እሱን ስትመለስ። ዛሬ ገና ሰላም ተባባልን እንጂ።»

በማግስቱ ባልደረባዬ ካርቶን ይዛ ጠበቀችኝ። «ጨረስክ? ሽፋኑን ልቁረጥ?»

«ቆይ፣» አልኳት፣ «ሰላምታው አላለቀም።»

ዝርዝሩ አሁንም ግድግዳዬ ላይ ነው። የመጨረሻውን መስመር አልሰረዝኩትም።