መሬቱ ሲነቃ

ትዕቢተኛ ነሽ ይሉኛል፤ አላስተባብልም። መተማ ውስጥ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ጫኝና አውራጆቹ ወንዶች፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ወንዶች፣ ዘበኛውም ወንድ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ብገባ ኖሮ እንደደፋሁት እቀር ነበር። የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ «የአንቺን ሥራ አላውቀውም፤ ሰዎቼን ግን አደራ» አሉኝ። ያቺን አደራ ከደመወዙ አስበልጬ ወደድኳት።

የመጋዘኑ ደንብ በዓመት አንዴ ፍተሻ ይደረግ ይል ነበር። ጥቅምት ላይ፣ የሰሊጥ ማበጠሪያው ሥራ ሳይጀምር፣ ሽቦውንና ሞተሩን አንድ በአንድ እፈትሽ ነበር። ከሁሉ የማከብረው ግራውንዱን ነው። ግራውንድ ከማሽኑ ብረት ተነሥቶ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ መሬት ውስጥ ወደተቀበረ የመዳብ ዘንግ የሚሄድ ሽቦ ነው። የሞተሩ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በሰው ገላ ከማለፍ ይልቅ በዚያ ዘንግ አድርጎ ወደ መሬት ይወርዳል። በዚያ ዓመት ጥቅምት የክረምቱ እርጥበት ገና ከዋልካው ጥቁር አፈር አልወጣም ነበርና ስለካው ግሩም ሆኖ አገኘሁት። መለኪያዬን ደስ ብሎኝ ወደ ቦርሳው መለስኩት።

ነገሩ የመጣው መጋቢት ላይ ነው። በመተማ መጋቢት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ በላብ እንደተጠመቀ ይውላል። አንድ ረፋድ በማሽኑ አጠገብ ሳልፍ፣ ከጎጃም የመጣ አንድ ወዛደር የተሞላውን ጆንያ ሲያነሣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ አየሁት። የቆሰለ መስሎኝ ምን ሆነህ አልኩት።

«ኧረ ምንም አልሆንሁ እታለም። ዛሬ ማሽኗ ነቅታለች፤ ባዶ እጅህን ስትነካት ነዘር ታረግሃለች» አለኝ እየሳቀ።

ጓደኞቹም ሳቁ። ለካ ሰሞኑን በነዘራቸው ቁጥር «ነቃች» እያሉ ሲቀልዱ ከርመዋል፤ ለእኔ መንገር ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። ደሜ ፈላ። ሰውየው ባዶ እግሩን ነው፤ ላቡ እስከ ጣቱ ይወርዳል፤ በእሱና በሞት መካከል ያለችው ያች ጨርቅ ብቻ ናት፣ እሷም ርሳለች። ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩና የዕቃ ሳጥኔን ጓጉንቸር አውጥቼ ቆለፍኩበት። መክፈቻውን ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ሐጂ ማሽኑ ጸጥ ሲል ከቢሯቸው ወጡ።

«ልጄ፣ መኪናዎቹ ጭነት እየጠበቁ ነው። በጥቅምት ለክተሽ ደኅና ነው አላልሽኝም?»

«ብያለሁ ሐጂ። በጥቅምት ደኅና ነበር።»

«ታዲያ ብረት በአምስት ወር ይታመማል እንዴ? በይ መክፈቻውን አምጪ።»

«ያለው እዚህ ነው» አልኳቸው ደረቴን መታ መታ አድርጌ።

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወዛደሮቹ መሳቅ አምሯቸው ፈሩ። «እንግዲያው ነገ ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ» አሉ ሐጂ፣ ፊታቸውን እንዳዞሩ። በድምፃቸው ቀልድ አልነበረበትም። ሥራዬን እወደው ነበር። ቢሆንም መክፈቻውን አላወጣሁትም።

መለኪያዬን ይዤ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሄድኩ፤ ሐጂም ወዛደሮቹም ተከተሉኝ። በጥቅምት ዝቅ ብሎ ያየሁት ቁጥር አሁን ሰማይ ነክቷል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት መውረጃ አጥቷል ማለት ነው። ዋልካው በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አንደኛው ንቃቃት ዘንጉን ተከትሎ ወደ ታች ወርዷል። ተንበረከክሁና እጄን ሰደድኩበት። እባብ ይኑር ጊንጥ ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ክንዴ እስከ ብብቴ ገባ፤ ዘንጉን ዙሪያውን ብዳስሰው አፈር የሚባል አልነካውም፣ አየር ላይ ቆሟል።

«የነቃችው ማሽኗ አይደለችም» አልኩት ጎጃሜውን። «የነቃው መሬቱ ነው።»

ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ አሉና እሳቸውም እጃቸውን ሰደዱ። ቆየት ብለው ሲነሡ ስለ መኪናዎቹ አላነሡም። «ምን ይምጣልሽ?» ብቻ አሉኝ።

አካፋ፣ ከሰል፣ ጨውና ውኃ አልኩ። አፈሩ እርጥበት እስኪያወጣ ድረስ አስቆፈርኩና ረዘም ያለ ዘንግ እርጥበት በሚይዝ ከሰልና ጨው ከብቤ ቀበርኩ። ውኃውን ማፍሰስ ስንጀምር ከወሎ የመጣ አንድ ወዛደር አላስችል አለው።

«እኛ እየጠማን ጭራሽ መሬት ይጠጣ?»

የመለሰለት ጎጃሜው ነው። «ተወው ይጠጣ። ለእኔው ነው የሚጠጣ።»

ከዚያ ሞተሩን ስከፍት አይጥ የቀረጠፈችው ሽቦ ብረቱን ተጠግቶ አገኘሁት። ቀየርኩት፤ ሁሉንም እንደገና ለካሁ። ቁጥሩ ልቤን ሲሞላው ፊቴን ዞር አድርጌ መክፈቻውን አወጣሁና ለሐጂ ሰጠኋቸው። ተቀብለው መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። «አንቺው ክፈቺው» አሉኝ። ሌላ ባለሙያ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የምለካው፤ ጥቅምት ላይ ዋልካው ገና እንደራሰ፣ መጋቢት ላይ ሲነቃ። ደንቡንም ሐጂ በዚሁ ለወጡት። አብርሃ ጅራና ገለጉ ከተማ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ደውለው እንዴት እንደማደርገው ሲጠይቁኝ፣ ሳልሽኮረመም ነው የማስረዳቸው። ምን ያሽኮረምመኛል?

በቀጣዩ ዓመት ወዛደሮቹ ሲመለሱ ጎጃሜውም መጣ። ከጎኑ መልኩ ቁርጥ እሱን የሆነ ጎልማሳ ቆሟል።

«ታናሽ ወንድሜ ነው» አለኝ።

«ምነው፣ እዚያ አብደራፊ በኩል ሥራ ጠፋ? ማሽን ወደነዘረህ ቦታ ወንድምህን ታመጣለህ?»

«ሥራስ ሞልቷል። እናታችን እሱን አልክም ብላ አስቸግራ ነበር። የዚያች የነገርሁሽ ሴትዮ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው ስላት ጊዜ፣ እንዲያ ከሆነ ውሰደው አለች።»

ወንድምየው ወደ ማሽኑ ሊጠጋ ሲል በእጄ አስቆምኩትና፣ መለኪያዬን ይዤ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሄድኩ።