ውሃ የማይጠጡ ሰዎች

«ውሃ አልጠጣም» አሉኝ አከራዬ፣ ቅር ብሏቸው። «ምን አጥቼ ነው ውሃ የምጠጣው?»

መጠይቁ ላይ የሰፈረው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይጠጣሉ? ቦንጋ ዳር፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የማስተምርበት ዘመን ነው። በራቸው ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ ውሃ ተመርምሮ አርሰኒክ የሚባል መርዝ ከሚፈቀደው በላይ ተገኘበት ተባለ። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ የሚጎዳውም ቀስ ብሎ፣ በዓመታት ነው። እናም ክረምት እረፍት ላይ ያለን መምህራን፣ ውሃው ምን ያህል እንደሚያሰጋ ቤት ለቤት እየጠየቅን እንድንመዘግብ ተቀጠርን። ግማሽ ቀን ሰለጠንን። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለው መርዝ ሰውየው በቀን በሚጠጣው ሊትር ይባዛል።

መጠይቁን ያዘጋጀው ሰው ግን ከፋ ውስጥ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። እዚህ፣ ጠያቂ ፊት «ውሃ እጠጣለሁ» ማለት «ቤቴ ባዶ ነው» ማለት ነው። አከራዬ ከጠዋት እስከ ማታ በቅመም የተፈላ የቡና ቅጠል ይጠጣሉ። በዚያ ላይ ቡናው አለ፣ ከእህል የሚጠመቀው ቦርዴ አለ። ሁሉም የሚቀዳው ከዚያው ፓምፕ ነው። ቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለም።

አስተባባሪያችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ባለሙያ ነበር። ነገርኩት።

«መምህር፣ መላሹ ያለውን ጻፉ።»

«ያሉት እኮ ዜሮ ነው።»

«እንግዲያው ዜሮ።»

«ሰው ውሃ ሳይጠጣ ይኖራል?»

«እሱ ከመጠይቁ ውጭ ነው» አለና ባጃጅ ውስጥ ገባ።

ሰፈሩ በሙሉ ዜሮ ወይም ከዜሮ ትንሽ ፈቅ ያለ መለሰ። ከወራት በኋላ ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ውጤቱን አነበበ፤ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ በዚያ ዘመን እጅ ከጭንቅላት ቀድሞ የሚሠራ አካል ነበር።

ከስብሰባው አብረን ስንመለስ አከራዬን «እትዬ፣ እርስዎ ግን ድሮ ይቀዱበት ወደነበረው ምንጭ ቢመለሱ፣ የምንጩን አፍልተው ቢጠጡ ይሻላል» አልኳቸው።

ቆም ብለው አዩኝ። «ምንጩ በሽታ ነው ያልከኝ አንተው አይደለህም? ከልማት ቡድኑ ጋር መጥተህ? ምንጩን በመተዌ አይደል እንዴ ሞዴል ቤተሰብ ተብዬ ወረቀት የተሰጠኝ?»

«ልክ ነው።»

«የፓምፑንም አፈላዋለሁ።»

«ማፍላት የሚገድለው የምንጩን ጀርም ነው። ይሄኛው በመፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ ይበረታል።»

«ታዲያ አያሰጋም የሚሉት ከየት አምጥተው ነው?»

ከየት እንዳመጡት ነገርኳቸው፤ ከእሳቸው አፍ። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወረቀቱን አምጣው» አሉ። «ትጠጣለች ብለህ ጻፍ።»

የቡና ቅጠሉን፣ ቡናውን፣ ቦርዴውን ሁሉ በሊትር አስልቼ ጻፍኩና ቢሮ ወሰድኩት። «ዳታው ተዘግቷል» ተባልኩ። ሁለተኛ ስሄድ ኃላፊው ስልጠና ላይ ነው። ሦስተኛ ስሄድ «የመላሽ መልስ እንዲህ የሚለዋወጥ ከሆነ ጥናት ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ገሠጸኝ። ስለ ማስረጃ ያላነበብኩት የለም ብዬ የምኩራራ ሰው ነኝ። አንዲት ሴት ኀፍረቷን ውጣ የተናገረችው እውነት በየትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ የሚያስረዳ ገጽ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የቢሮውን መልስ ለአከራዬ ነገርኳቸው። በማግሥቱ ጠዋት ጀሪካን አንስተው ወደ ምንጩ የሚወስደውን አንሸራታች ቁልቁለት ያዙ። እኔም ሁለተኛውን ጀሪካን ይዤ ተከተልኳቸው። ፓምፑ ጋ የተሰለፈች ጎረቤት አየችን።

«እትዬ፣ ፓምፑ በርዎ ላይ ቆሞ ወዴት ነው? ሞዴልነቱ ቀረ?»

«እኔ ውሃ እጠጣለሁ» አሉ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ። «አንቺም ትጠጫለሽ።»

ሰልፉ ሳቀ። ጎረቤቲቱም እየሳቀች፣ ተራዋ ደርሶ ነበርና፣ ጀሪካኗን ፓምፑ ሥር አስገባች።