ከበሩ ስር የሚታይ እግር

ልጄ ሥራ ስትሄድ ለማንም እንዳልከፍት ቃል አስገብታኛለች። እሷ ታኮማ ሄዳ የሰው እናት ትጦራለች፤ እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ቢከን ሂል በሚሉት ሰፈር፣ አፓርትመንት ውስጥ ተዘግቼ ከበሩ ስር የምትገባዋን ብርሃን አያለሁ። ሰው በኮሪደሩ ሲያልፍ ብርሃኗ ቁርጥ ትላለች። ያኔ ያቺ የእህል ጎጆ ትመጣብኛለች። ጻፊው የልጅ ልጄ፣ ቤቲዬ።

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አገር ቤት ሰፈራችን ኩፍኝ ገባ። የዚያን ጊዜ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ጨለማ ውስጥ ነው የሚዘጋበት። ፀሐይ አያየውም፣ የውጭ ሰው አይገባበትም፣ ምች ያመጣበታል ይባላል። እኔንና ታናሼን ጽጌን አንድ ላይ ያዘንና እናቴ ከቤቱ ጎን ያለችው የእህል ጎጆ ውስጥ ዘጋችብን። ጎጆዋ ጌሾ ጌሾ ትሸታለች፣ አይጥ ይንኮሻኮሻል። እኔ ሻል ሲለኝ ጽጌ ባሰባት። ውሃ እንኳ አልወርድላት አለ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፣ ገላዋ እንደ ፍም ያቃጥላል።

ሐኪም ጠፍቶ እኮ አይደለም። ሰፈሩ ራሱ ሣር አዋጥቶ፣ ጭቃ አቡክቶ የሠራት አንዲት ክፍል ነበረች። ጦር ቤት ሳለ ቁስል ማጠብ የተማረ ሰው እዚያ ተቀምጦ ያክማል፣ ድሬሰሩ እንለዋለን፤ ምግቡን በየተራ የምናበላው እኛው ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንዲት ተረኛ ሴት ቤት ለቤት እየዞረች የታመመ አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። እናቴ ግን የድሬሰሩን መርፌ ፈራች። ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ይገድላል ይባል ነበር። ድምፅ ብታሰሙ ወዮላችሁ አለችን።

የዚያን ቅዳሜ ተረኛዋ እትዬ ብርቄ ነበሩ። እናቴ ልጆቹ አክስታቸው ቤት ሄደዋል ስትላቸው እሰማለሁ። ጎጆዋ ደጅ ላይ ቆመዋል፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዛቸው ከበሩ ስር ይታየኛል። ልጮህ እላለሁ፣ እናቴን እፈራለሁ። ተረከዙ ዞረ፣ ሊሄዱ ነው። እጄን በበሩ ስር አወጣሁና የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዝኩ።

እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው አዩኝ። ከዚያ ለእናቴ፣ «አንቺ፣ አክስታቸው እዚህ ናት እንዴ የምትኖረው?» አሏት።

ድሬሰሩ መጣ። መርፌውን እንኳ አላወጣም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ውሃ በማንኪያ ጠብ ጠብ ሲያደርግላት ዋለ። ጽጌ አንድ ዓይኗ ጠፋ፣ ነፍሷ ግን ተረፈች። እናቴ ሰው ፊት አዋረድሽኝ ብላ እስከ ፍልሰታ አላናገረችኝም።

አሁን ከፊት ለፊታችን የምትኖረው አሮጊት የዚህ አገር የጥንት ሰዎች ዘር ናት። ወገኖቿ ራሳቸው ያቆሙት ክሊኒክ አላቸው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ አንዲት ነርስ ልጅ ከዚያ እየመጣች ታያታለች። ባለፈው አሮጊቷ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ሳቃስት አይታኝ ነበር። ነግራት ይሆናል፣ ልጅቷ የእኔንም በር አንኳኳች። ነጭ ጫማዋን ከበሩ ስር አየሁት። አልከፈትኩላትም፣ ሄደች።

እግሬ አብጧል ቤቲዬ። ሁለት እርምጃ ስራመድ ትንፋሽ ያጥረኛል። ለእናትሽ ያልነገርኳት ከሥራ እንዳትቀር ብዬ ነው። ማሚን ኮል ላድርግላት አትበይኝ፣ መጀመሪያ ይህን ጨርሺ። ከዚያ ለዚያች ባለ ነጭ ጫማ ልጅ በእንግሊዝኛ አንዲት መስመር ጻፊልኝ፤ እዚህ ውስጥ የታመመች አሮጊት አለች በያት። ያኔ እጄ ቀጭን ነበረች። አሁን በበሩ ስር አታልፍም፣ ወረቀት ግን ታልፋለች።